ለአዲስ ሙዚቃ ዋስ የቆመው ፒያኖ ተጫዋች

ግጥም የሚጽፍ ጓደኛ ያለው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ግጥም አንዴ ወረቀት ላይ ከሰፈረ ሦስተኛ ሰው አይፈልግም። ቀለሙ ቢደበዝዝ፣ ግማሹ መስመር ቢዋጥ እንኳ፣ ፊደል የቆጠረ ሰው አንሥቶ ያነበዋል፤ ቢጥመው ይይዘዋል፣ ባይጥመው ይተወዋል። የሙዚቃ ደራሲ ዕጣ ግን እንዲህ አይደለም። ሃምሳ ገጽ ኖታ ጽፎ ቢያስቀምጥ፣ የሚጫወትለት እስኪያገኝ ድረስ ያ ሁሉ ወረቀት ዲዳ ነው። የኛ አዝማሪ ይህ ጣጣ የለበትም፤ ግጥሙም ዜማውም ጣቱም የራሱ ነው፣ መሰንቆውን አንሥቶ ራሱ ይወጣዋል። ይልቅስ ነገሩን የሚያስረዳን የቤተ ክርስቲያኑ ዜማ ነው። ምልክቱ በብራና ላይ ተጽፎ ቢኖርም፣ ከመሪጌታ አፍ ያልሰማ ተማሪ በምልክቱ ብቻ ድጓ አይዘልቅም። አውሮፓውያን ኖታቸውን ከዚህ ይበልጥ ዝርዝር አድርገውታል። ቢሆንም ጆሮ ያልለመደው አዲስ ነገር ሲጻፍ እነሱም ዘንድ ያው ነው፤ አንድ ሰው ስሙንና ጣቱን አስይዞ ዋስ ካልቆመለት ሥራው ከመሳቢያ አይወጣም።

የሙዚቃ ታሪክ መጻሕፍት ግን የሚቆጥሩልን ደራሲዎቹን ነው፤ ዋሶቹን በአንድ መስመር ያልፏቸዋል። እኛ በዚህ ጽሑፍ ነገሩን ገልብጠን፣ ለብሪታንያ አዲስ ሙዚቃ ዋስ ከቆሙት አንዱን፣ ፒያኖ ተጫዋቹን ጆን ኦግደንን እናነሣለን። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እሱን የመረጥንበት ምክንያትም አለን፤ ታሪኩ የሚጀምረው እንደኛው በተማሪዎች መካከል ነው።

ኦግደን የተወለደው በጥር 1937 ማንስፊልድ ዉድሃውስ በምትባል፣ በመካከለኛው እንግሊዝ የከሰል ማዕድን አካባቢ በምትገኝ ከተማ ነው። አባቱ አስተማሪ ነበር። ቤተሰቡ ወደ ማንቸስተር ሲዛወር ልጁ ገና ስምንት ዓመቱ ነበር፤ የሙዚቃ ትምህርቱንም እዚያው ቀጠለ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በማንቸስተር ንጉሣዊ የሙዚቃ ኮሌጅ ተማሪ ሆኖ እናገኘዋለን። ማንቸስተር እንግዲህ የጥጥ ፋብሪካና የጭስ ከተማ ናት። ትልቁ ገንዘብ፣ ትልቁ አዳራሽ፣ ትልቁ ጋዜጣ ለንደን ነው ያለው። ስለ ሙዚቃ የሚወስኑትም ሰዎች እዚያው ነበሩ።

በዚያ ኮሌጅ ሪቻርድ ሆል የሚባል የድርሰት መምህር ነበር። በእሱ ዙሪያ የተሰበሰቡት ልጆች ስም ዛሬ ሲጠራ ያስደንቃል፤ ያኔ ግን ማንም አያውቃቸውም። ሐሪሰን በርትዊስል ክላርኔት ይነፋል፤ ከአክሪንግተን የመጣ ልጅ ነው። ፒተር ማክስዌል ዴቪስ የሳልፎርድ ልጅ ነው። ኤልጋር ሃዋርዝ ትራምፔት ይነፋል። አሌክሳንደር ጌር በርሊን ተወልዶ በልጅነቱ ወደ እንግሊዝ የመጣ ሲሆን፣ የኦርኬስትራ መሪ የነበረው አባቱ ዋልተር ጌር የአርኖልድ ሾንበርግ ተማሪ ነበር። አምስተኛው ጆን ኦግደን ነው፤ ከሁሉም በዕድሜ የሚያንስ፣ ግዙፍ ሰውነት ያለው፣ መነጽር ያደረገ፣ ሲናገር ድምፁ የማይሰማ ልጅ። እነዚህ አምስቱ ከጥቂት ጓደኞቻቸው ጋር «ኒው ሚዩዚክ ማንቸስተር» የሚል ቡድን አቋቋሙ። የኛው «የሥነ ጽሑፍ ክበብ» እንደማለት ነው፤ ገንዘብ የለው፣ ቢሮ የለው፣ ያለው ጉጉት ብቻ።

ጉጉታቸው ምን ላይ ነበር? እዚህ ላይ ትንሽ ማብራራት ያስፈልጋል። የኛ ቅኝቶች፣ ትዝታም በሉት ባቲ፣ አንቺ ሆዬም በሉት አምባሰል፣ ከአምስት ድምፅ የተሠሩ ናቸው፤ ከአምስቱም አንዱ ቤት ነው፣ ዜማው ዞሮ ዞሮ እዚያ ይገባል። የምዕራቡም ሙዚቃ ብዙ ዘመን እንዲሁ መመለሻ ቤት ነበረው። ሾንበርግ በ1920ዎቹ ያመጣው ነገር ቤቱን ማፍረስ ነው። በፒያኖው ላይ ያሉት አሥራ ሁለቱም ድምፆች እኩል ይሁኑ፣ አንዱ ባንዱ ላይ አይንገሥ፣ ደራሲውም የአሥራ ሁለቱን ተራ ራሱ አውጥቶ ሥራውን በዚያ ላይ ይገንባ አለ። የሚወዱት «ነጻነት ነው» አሉ። የሚጠሉት ደግሞ «ጆሮ ማደንቆር ነው» አሉ። በ1950ዎቹ እንግሊዝ ውስጥ የሚበዙት ሁለተኞቹ ነበሩ። ከአውሮፓ የሚመጣው አዲስ ነገር በጥርጣሬ ነበር የሚታየው፤ የአገሩን የገጠር ዜማ መሠረት ያደረገው የቮን ዊሊያምስ ትውልድ ሙዚቃ ለብዙው ሰው በቂ ነበር። ለነገሩ እኛም የቮን ዊሊያምስን ሙዚቃ አንጠላም። ጥያቄው የሱ መልካምነት አልነበረም፤ በሩ ለሌላው ይከፈታል ወይ ነው።

ጌር ከአባቱ ቤት የሾንበርግን ነገር ይዞ መጣ። ዴቪስ የመካከለኛውን ዘመን የቤተ ክርስቲያን ዜማ እየቆፈረ ከአዲሱ ጋር ያዳቅል ጀመር። በርትዊስል ዝም ብሎ ክላርኔቱን ይነፋል፤ የራሱን ድርሰት ለሰው አያሳይም ነበር። ታዲያ ይህ ሁሉ ሐሳብ ወሬ ሆኖ ያልቀረው በምን ምክንያት ይመስላችኋል? ፒያኖው ላይ የሚቀመጠው ልጅ ምንም ኖታ ቢሰጡት ያነበው ስለነበር ነው። የኦግደን ችሎታ በዘመኑ ሰዎች ዘንድ ተረት ይመስል ነበር። ሌላው ሰው ሳምንታት የሚያጠናውን ገጽ፣ እሱ ፊቱ ላይ እንደተዘረጋለት እንደ ጋዜጣ ያነበዋል። አንድ ወጣት ደራሲ ማታ የጻፈውን ነገ ጠዋት ቢሰማው ምን ያህል እንደሚማር አስቡት! መምህር የማይሰጠውን ይሰጠዋል። ስሕተቱን በጆሮው ይሰማል፣ ያላሰበውን ውበትም እንዲሁ። እኛ እንደምናየው የማንቸስተር ቡድን ዋናው ሀብት ይህ ነበር፤ የሾንበርግ ትምህርት ሌላም ቦታ ይገኝ ነበርና።

ዴቪስ በ1955 የመጀመሪያ ሥራዬ ብሎ ቁጥር አንድ የሰጠውን የትራምፔትና የፒያኖ ሶናታ ጻፈ። የጻፈው ለሃዋርዝና ለኦግደን ነው። ቁጥር ሁለት «አምስት የፒያኖ ቁራጮች» ናቸው፤ እነሱም ለኦግደን። ትንሽ ቆም ብለን እንየው። በኋላ የንግሥቲቱ የሙዚቃ ባለሟል እስከመሆን የደረሰ ደራሲ፣ የሥራው ዝርዝር አንድ ብሎ ሁለት ብሎ ሲጀመር ሁለቱም ላይ የአንድ ተማሪ ጣት አለበት። በጥር 1956 ቡድኑ ለንደን ሄዶ ሥራዎቹን አቀረበ። ከሰሜን የመጡ ልጆች፣ በዋና ከተማው፣ በዚያ ዓይነት ሙዚቃ! አድማጩ ብዙ አልነበረም። ብዙ ሰው ሰምቶት ተረስቶ የቀረ ኮንሰርት ግን ስንት አለ?

ከዚያ ወዲያ ቡድኑ ተበተነ። ጌር ፓሪስ ሄዶ ከሜሲያን ተማረ፤ ዴቪስ ወደ ሮም ሄደ፤ በርትዊስል በ1960ዎቹ አጋማሽ ክላርኔቶቹን ሸጦ ለድርሰት ብቻ ተሰጠ። ኦግደንም ትምህርቱን ከእነ ጎርደን ግሪንና ከኤጎን ፔትሪ ዘንድ ቀጠለ። እውነቱን ለመናገር፣ በዚያ ዘመን ለአዲሱ ሙዚቃ የቆመው እሱ ብቻ አልነበረም። ማርጋሬት ኪችን የምትባል፣ በትውልድ ስዊስ የሆነች ፒያኖ ተጫዋች የማይክል ቲፔትን ሁለተኛ ሶናታ በ1962 ኤዲንበራ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጫውታለች፤ የጌርንም ሥራ አስተዋውቃለች። ስሟ ከኦግደን ስም ይልቅ ተረስቷል። ለምን ቢሉ ሞስኮ ሄዳ ስላላሸነፈች ይሆናል።

ወደ ሞስኮ እንሂዳ። በ1958 የሶቪየት ኅብረት የቻይኮቭስኪን ዓለም አቀፍ ውድድር ስትከፍት፣ ሁሉን ያስገረመው አሜሪካዊው ቫን ክላይበርን ማሸነፉ ነበር። በሁለተኛው ውድድር፣ በ1962፣ የሶቪየቱ ቭላዲሚር አሽከናዚና የእንግሊዙ ጆን ኦግደን አንደኝነቱን እኩል ተካፈሉ። ኦግደን ሃያ አምስት ዓመቱ ነበር። በአንድ ሌሊት ዝነኛ ሆነ፤ የሸክላ ኩባንያውም የኮንሰርት አዘጋጁም ደጁን አንኳኩ። ምን እንዲጫወት? መቼም የማንቸስተርን ልጆች ሥራ አይደለም። የቻይኮቭስኪን አንደኛ ኮንሰርቶ፣ ሊስትን፣ ራሕማኒኖፍን ነው። በዚያው ዓመት የቻይኮቭስኪውን ኮንሰርቶ ከባርቢሮሊ ጋር በሸክላ አስቀረጸ።

ሽልማት ለከያኒ የሚሰጠውንና የሚወስደውን ማስላት ከባድ ነው። ብዙዎች እንዲህ ያለ ድል ካገኙ በኋላ ዕድሜያቸውን በሙሉ ያንኑ ሦስትና አራት ኮንሰርቶ ከከተማ ከተማ ይዘው ይዞራሉ፤ ኑሯቸውም ያምራል። ኦግደን ዞረ፤ ይህን አልተወም፣ ቤተሰብ ነበረው፣ ኪራይም እንጀራም አለ። ግን ከሞስኮ በገዛው ስም ሌላም ነገር ይሠራበት ጀመር። በ1963 ከኮሊን ዴቪስና ከፊልሃርሞኒያ ኦርኬስትራ ጋር የቲፔትን የፒያኖ ኮንሰርቶ ቀረጸ።

የዚህ ኮንሰርቶ ታሪክ ራሱን የቻለ ነው። ቲፔት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጠመንጃ አላነሣም፣ የተመደበልኝንም አማራጭ ሥራ አልቀበልም ብሎ በ1943 የታሰረ ሰው ነው። በ1950 የቤቶቨን አራተኛ ኮንሰርቶ ሲለማመዱ ሰምቶ፣ ፒያኖ ዛሬም እንዲህ ሊዘምር ይችላል የሚል ሐሳብ ያዘው። በዘመኑ ፒያኖን እንደ ከበሮ መደብደብ የደራሲዎች ፋሽን ነበርና የሱ አካሄድ በተቃራኒው ነው። ድርሰቱን በ1955 ጨረሰ። እንዲጫወተው የታሰበው ታዋቂው ጁሊየስ ካትቸን ግን «ይህ ለመጫወት የሚቻል አይደለም» ብሎ ተወው። በ1956 በርሚንግሃም ላይ ሉዊስ ኬንትነር ደፍሮ ተጫወተውና ሐሜቱን አስተባበለ። ሆኖም «የማይቻል» የሚለው ስም አንዴ ከተለጠፈ ቶሎ አይለቅም። እንዲለቅ ያደረገው ከሰባት ዓመት በኋላ የመጣው ሸክላ ነው ብለን እናምናለን፤ ያንን ሸክላ የሰማ ተማሪ ሁሉ ኖታውን ገልጦ መሞከር ይችላልና። ኦግደን በዚያ ሙዚቃ ውስጥ የሚገርመው ጉልበቱ አይደለም። ያ ግዙፍ ሰውዬ ቁልፎቹን ሲነካቸው ውሃ የሚነካ ይመስላል።

አሁን ደግሞ እኛ ከሁሉ አብልጠን ወደምንወደው ምዕራፍ ደረስን። ሮናልድ ስቲቨንሰን የሚባል የሙዚቃ ደራሲ ነበር፤ ብላክበርን ተወልዶ እስኮትላንድን አገሬ ያለ፣ እሱም ከኦግደን ቀደም ብሎ በዚያው በማንቸስተር ኮሌጅ የተማረ፣ እሱም እንደ ቲፔት ወታደር አልሆንም ብሎ የታሰረ። ስቲቨንሰን ከ1960 እስከ 1962 አንድ የፒያኖ ሥራ ጻፈ። ርዝመቱ አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ያህል ነው፤ ማቋረጫ የለውም፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ወጥ ነው። የተመሠረተውም በአራት ድምፅ ላይ ብቻ ነው። እነዚያ አራት ድምፆች በጀርመን የኖታ አጠራር ሲነበቡ «ዴ፣ ኤስ፣ ሴ፣ ሃ» ይሆናሉ፤ የድሚትሪ ሾስታኮቪች ስም መነሻ ፊደላት ማለት ነው። ሾስታኮቪች ራሱ በሥራዎቹ ውስጥ እንደ ማኅተም ይጠቀምባቸው ነበር። ስቲቨንሰን ያንን ማኅተም ተዋሰና ዓለምን ሁሉ በላዩ ጫነበት። በ1962 ሾስታኮቪች ለፌስቲቫል ኤዲንበራ በመጣ ጊዜም ኖታውን በእጁ ሰጠው።

በዚያ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ውስጥ ምን የለም! የእስኮትላንድ የእረኛ መለከት ለቅሶ አለ። በ1917 በሩሲያ የተጮኸው «ሰላም፣ ዳቦ፣ መሬት» የሚለው መፈክር አለ፤ «መሬት ላራሹ» ብሎ ለጮኸ ትውልድ ልጅ ይህ ሩቅ ነገር አይደለም። በጦርነቱ ለተፈጁት ስድስት ሚሊዮን አይሁድ መታሰቢያ የሆነ ክፍል አለ። ደግሞም «ለምትነሣው አፍሪካ» የሚል ክፍል አለ። እዚህ ላይ ፒያኖ ተጫዋቹ ቁልፎቹን ትቶ እጁን ወደ ፒያኖው ሆድ ይሰድና ክሮቹን ራሳቸውን ይመታል፤ ያ በሳሎን ውስጥ ያደገ የአውሮፓ ዕቃ እንደ ከበሮ ያስተጋባል። ዘመኑ እኮ 1960ዎቹ ነው፤ በ1960 በአንድ ዓመት ብቻ አሥራ ሰባት የአፍሪካ አገሮች ነጻ ወጥተዋል፣ በግንቦት 1963 ደግሞ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት እዚሁ አዲስ አበባ ተመሠረተ። አንድ የእስኮትላንድ ገጠር ነዋሪ ደራሲ ይህን ከሩቅ ሰምቶ በኖታ ጻፈው። በትክክል አፍሪካን ያሰማል ወይ? ብንጠየቅ፣ አያሰማም፤ ከበሮውን ከሩቅ የሰማ ሰው ከበሮ ነው። ግን ማንም እንዲጽፈው ሳያስገድደው ጽፎታል፤ ይህን አንንቅም።

እንዲህ ያለውን ሥራ የሚጫወት ከየት ይምጣ? ደራሲው ራሱ ጥሩ ፒያኖ ተጫዋች ስለነበር ለመጀመሪያ ጊዜ በ1963 ደቡብ አፍሪካ፣ ኬፕ ታውን ላይ ተጫወተው። ብሪታንያ ውስጥ ግን ለሕዝብ ጆሮ ያቀረበው ኦግደን ነው፤ በ1966፣ ቤንጃሚን ብሪትን ባቋቋመው በኦልድበራ ፌስቲቫል። በኋላም በሸክላ ቀረጸው። ልብ በሉ፤ ይህን ሲያደርግ የሞስኮ ባለ ሽልማት ነው፣ የሚጋበዝባቸው አዳራሾች ብዙ ናቸው፣ ለአንድ ያልታወቀ ደራሲ ሰማንያ ደቂቃ ኖታ ለማጥናት የሚያጠፋው ጊዜ ምንም አይከፍለውም። የቻይኮቭስኪው ኮንሰርቶ በጣቱ ውስጥ ቀድሞ ያለ ነው፤ ሳይደክም እንጀራ ያበላዋል። እንግዲህ ዋስነት ስንል ይህን ነው።

ሌላውን በአጭሩ እንለፈው። በ1967 ሮበርት ሲምፕሰን የፒያኖ ኮንሰርቶ ጻፈለት። በዚያው ዓመት ከዌልሳዊው ደራሲ ከአለን ሆዲኖት ጋር ሆኖ በካርዲፍ የሃያኛው ክፍለ ዘመን ሙዚቃ ፌስቲቫል መሠረተ። ራሱም ደራሲ ነበርና የራሱን ኮንሰርቶ ቀረጸ። ደራሲነቱ እንደ ተጫዋችነቱ አልሆነም፤ ወዳጅነታችን ይህን ከመናገር አያግደንም። ምናልባትም የሌላውን ሁሉ ሙዚቃ በልቡ የያዘ ሰው የራሱን ድምፅ መስማት ይቸግረው ይሆናል።

በ1973 ኦግደን ታመመ። ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነበር። የአእምሮ ሕመም ነው፤ ራሱንም ለማጥፋት ሞክሯል፤ ለንደን ውስጥ በሞድስሊ ሆስፒታል ብዙ ጊዜ አሳለፈ። ሐኪሞቹ በመጀመሪያ ያሉትንና በኋላ ያሉትን ለየብቻው አንዘረዝርም። እዚህ ላይ ግን የምንከራከርበት ጉዳይ አለ። ስለ ኦግደን ሲወራ አንድ ተረት ተደጋግሞ ይሰማል፤ ሊቅነትና እብደት ጎረቤት ናቸው፣ ያ ሁሉ አስቸጋሪ ሙዚቃ ነው ጭንቅላቱን የሰበረው የሚል። እኛም አገር «ትምህርት በዝቶበት አበደ» ይባል የለ? ይህን አንቀበልም። አባቱ ሃዋርድ ኦግደን በዚሁ ዓይነት ሕመም ብዙ የተሠቃየ ሰው ነው፤ በ1940ዎቹም ስለ ራሱ ሕመምና ስለ ሆስፒታል ኑሮው መጽሐፍ ጽፎ አሳትሟል። ልጁ ያኔ ፒያኖ የሚማር ሕፃን ነበር። በሽታ በሽታ ነው፤ ስኳር በሽታ ከግጥም እንደማይመጣ ሁሉ ይህም ከአሥራ ሁለት ድምፅ አይመጣም። ለጫናው ተጠያቂ ይፈለግ ከተባለ፣ ከአዲሱ ሙዚቃ ይልቅ በየሌሊቱ ከከተማ ከተማ የሚያመላልሰውን የኮንሰርት ገበያ ማየት ይሻል ነበር። እሱንም ቢሆን በእርግጠኝነት አንልም።

ተረቱ የሚጎዳውም አለ። አዲሱን ሙዚቃ ለማይወዱ ሰዎች ጥሩ ማመካኛ ሆነ፤ «አየህ፣ ያን ነገር የነካ እንዲህ ይሆናል»። ከዚህ የባሰ ግፍ የለም።

ከ1976 እስከ 1980 በአሜሪካ፣ በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ አስተማረ፤ ከዚያም ወደ እንግሊዝ ተመልሶ እንደገና መድረክ ላይ ወጣ። አጨዋወቱ እንደ ድሮው አልነበረም። አንድ ምሽት እንደ 1962 ይሆናል፣ በሌላው ምሽት ጣቱ አይታዘዝም። የሰሙት ሁሉ ይህን መስክረዋል፤ በቀረጻዎቹም ላይ ይሰማል። ይሄኔ ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ወደ ቀላሉ ይመለስ ነበር። ኦግደን ግን ከወጣትነቱ ጀምሮ በልቡ ወደነበረው፣ በብሪታንያ ከተጻፈው ሙዚቃ ሁሉ አስፈሪ ወደሆነው ሥራ ዞረ።

ካይኮስሩ ሶራብጂ በ1892 በእንግሊዝ አገር ኤሴክስ ተወለደ፤ አባቱ የቦምቤይ ፓርሲ፣ እናቱ እንግሊዛዊት ናቸው። በ1930 «ኦፑስ ክላቪቸምባሊስቲኩም» የሚል ሥራ ጨረሰ። ኖታው 252 ገጽ ነው፤ አሥራ ሁለት ክፍሎች፣ ከእነሱም ውስጥ አንዱ 49 ጊዜ፣ ሌላው 81 ጊዜ የሚለዋወጥ ዜማ ያላቸው፤ አራት ትልልቅ ፉጋዎች፤ ጠቅላላው ከአራት ሰዓት በላይ። የተበረከተውም ለእስኮትላንዳዊው ባለቅኔ ለሂዩ ማክዳይርሚድ ነው። ሶራብጂ ራሱ በታኅሣሥ 1930 ግላስጎ ላይ ተጫወተው። በ1936 ግን ሌላ ሰው የመጀመሪያውን ሦስተኛ እጅ ለንደን ላይ አቅርቦ እጅግ ስላበላሸው፣ ደራሲው ያለ ፈቃዴ ማንም ሥራዬን እንዳይጫወት አለ። ይህ እገዳ እስከ 1976 ቆየ። አርባ ዓመት! እስቲ አስቡት፣ አርባ ዓመት ሙሉ ዲዳ የሆነ ክምር ወረቀት፤ ደራሲው ግን በሕይወት አለ፣ መጻፉንም አላቋረጠም።

በሐምሌ 1988 ጆን ኦግደን ለንደን፣ ኩዊን ኤልዛቤት ሆል ውስጥ ያንን 252 ገጽ ይዞ ተቀመጠ። ሃምሳ አንድ ዓመቱ ነበር። ፀጉሩና ጢሙ ነጭ ሆኗል። ሥራውን ሁሉ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተጫወተ፤ በሲዲም ቀርጾታል፣ ቀረጻው ከአራት ሰዓት ተኩል በላይ ነው። ስሕተት አለበት? አለበት። በኋላ የመጡ ሌሎች ተጫዋቾች ከሱ የጠራ አጨዋወት አቅርበዋል የሚሉ አሉ፤ ሰምተን አልተጣላናቸውም። ግን በመጨረሻው ፉጋ ላይ፣ ከሦስት ሰዓት በላይ ከተጫወተ በኋላ፣ ያ ድምፅ እየተከመረ ሲሄድ የሚሰማው ነገር በጠራ ጣት የሚገኝ አይደለም። ዘጠና አምስት ዓመት የሞላው ሶራብጂ በእርጅና ተዳክሞ በእንክብካቤ ቤት ነበር። ከኮንሰርቱ በኋላ ሦስት ወር ቆይቶ በጥቅምት አረፈ።

በዚያው በ1988 በርትዊስል ሰር ተባለ፤ ዴቪስ ባንድ ዓመት ቀድሞት ነበር። ጌር በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ነበር። ሃዋርዝም ትራምፔቱን ትቶ የበርትዊስልን ትልልቅ ሥራዎች በኦርኬስትራ መሪነት ያቀርብ ነበር። አራቱም ሸምግለው፣ ተከብረው፣ በ2016፣ በ2022፣ በ2024ና በ2025 ተራ በተራ አረፉ። ከአምስቱ በዕድሜ ያነሰው ግን ቀደማቸው። ኦግደን ማንም ሳያውቅለት ስኳር በሽታ ይዞት ነበር፤ በሳንባ ምች ወድቆ ነሐሴ 1 ቀን 1989 በለንደን ሞተ። ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነበር።